ዜጋው የመንግሥት ፖስተኛ መሆኑ ይብቃ



ከመካከላችሁ ቤት የሸጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ያላገባ ማስረጃ ለማውጣት ወረዳ ይሰለፋል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባለ በሌላ ቀን ይመለሳል፤ ማኅተሙ ሲመታለት ወረቀቱን ይዞ በታክሲ ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። ማስረጃውን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ የሚቀበለውም መንግሥት ነው። በመካከሉ ከኪሱ እየከፈለ የሚመላለሰው ግን ዜጋው ነው።

ለዚህ የመሣሪያ እጥረት ሰበብ ሊሆን አይችልም። ወረዳዎችን በኔትዎርክ ለማገናኘት የታሰበው ወረዳኔት የተጀመረው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነበር። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቷል። መሶብ መልካም ጅምር መሆኑን ለመናገር ተቃዋሚ መሆናችን አያግደንም። ሆኖም መስኮቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር መደርደር ብቻውን መዝገቦችን አያገናኝም። ሕዝቧ ከአዲስ አበባ እጅግ የሚያንሰው ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመሥሪያ ቤቶቿን መዝገቦች ኤክስሮድ በተባለ ሥርዓት አገናኝታለች።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በሌላ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ያለን ማስረጃ ከዜጋው እንዳይጠይቅ በሕግ ይከለክላል። ተጠያቂውም መስኮት ላይ የተቀመጠው ምስኪን ሠራተኛ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይሆናል።

መዝገቦች ይገናኙ ስንል ግን ስጋታችሁን አንዘነጋም፤ የእኛም ስጋት ነውና። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ለረጅም ዓመታት ‹‹ብሔር›› የሚል መስመር ነበር። በክፉ ቀን ያ መስመር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማንም አይነገረውም። ፋይዳ ብሔርን አይመዘግብም፤ ይህንን እንደግፋለን። ነገር ግን ብሔርን የያዘ የሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ከፋይዳ ቁጥር ጋር ከተገናኘ፣ በፊት በር የወጣው በጓሮ ይመለሳል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በወረቀት ላይ ያለ መብት ግን የሚፈተነው ዜጋው ራሱ መቆጣጠር ሲችል ነው። ስለዚህ ብሔር፣ ሃይማኖትና የፓርቲ አባልነት ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ፈጽሞ እንዳይተላለፉ እናደርጋለን። ፖሊስና ደኅንነት የሰውን ፋይል የሚከፍቱት በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ብቻ ይሆናል። ፋይሉን ማን፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ እንደከፈተውም ይመዘገባል። ስማርት ስልክ የሌላቸው የለቡ እናትም ወረዳ ሄደው ይህንኑ ዝርዝር በነጻ አሳትመው ይወስዳሉ።