ሳይደርሱ «የለም» የሚሉ ፕሮግራሞች

በኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎቻችን ሥር የሰደደ አንድ ሐሳብ አለ፤ የኔትወርክ ግንኙነት ያለቀለት ጉዳይ ነው የሚል። ሶኬት ከፍቶ፣ ሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር ተነጋግሮ፣ የመጣውን መልስ ባይት በባይት ማንበብ ጊዜው ያለፈበት ሥራ ተደርጎ ይታያል። ሲ ቋንቋን ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለፈተና ያህል ይማረዋል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ዝግጁ ፍሬምወርክ ይወርዳል፣ ዓይን የሚስብ ገጽ ይሠራል፣ ከሰርቨር ጋር የሚደረገው ንግግር ግን በአንዲት መስመር ትእዛዝ ይታለፋል። ገምጋሚዎችም ስለ ገጹ አሠራርና ስለ ሜኑው ይጠይቃሉ እንጂ መስመሩ መሀል ላይ ቢቋረጥ ፕሮግራሙ ምን እንደሚል እምብዛም አይጠይቁም። እኔ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው እላለሁ።

ለምን እንደሆነ ለማየት በባሌ ከሮቤ እስከ ሪራ ያለውን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ 4377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን አልፎም ቁልቁል ወደ ሐረና ደን አፋፍ፣ ወደ ሪራ ይወርዳል። በተራራ መንገድ የተጓዘ ሰው የስልኩ ሲግናል እንዴት እንደሚመጣና እንደሚሄድ ያውቀዋል። አሁን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሪራ ወርዶ ጎዳንቱን፣ ማለትም የባሌ ሰው ከብቱን እንደየወቅቱ ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ የሚያሰማራበትን ሥርዓት፣ ሊያጠና ተነሣ እንበል። ላፕቶፑን ከስልኩ ኢንተርኔት ጋር አያይዞ በቤተ መጻሕፍት መፈለጊያ ፕሮግራም ስለ ርዕሱ የተጻፈውን ይፈልጋል። ጥቂት ይጠብቃል። «ምንም ውጤት አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይመጣለታል።

ይህ ጽሑፍ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን ሊል ይችላል። ሰርቨሩ ተጠይቆ፣ መዝገቡን አገላብጦ፣ «የለኝም» ብሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ጥያቄው ከተራራው ማዶ ጨርሶ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ሁለቱን አልለየለትም። ተማሪው ያየውን አምኖ፣ በመመረቂያ ጽሑፎቻችን መግቢያ ላይ ደጋግመን የምናነባትን ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፦ በዚህ ርዕስ ላይ ከዚህ ቀደም የተሠራ ጥናት የለም። አማካሪው ያልፈዋል፣ ፈታኙም ያልፈዋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ እሱን ጠቅሶ ያንኑ ይደግማል።

ባሌ ደግሞ ያልተጠና አገር አይደለም። ብሔራዊ ፓርኩ ከተቋቋመ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ቀይ ቀበሮው ብቻ ለአሥርተ ዓመታት ሲጻፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለው ዋሻ ከ3400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሲኖሩና ፍልፈል እየጠበሱ ሲበሉ እንደነበር አሳይቷል። የዚህ ሁሉ ጥናት ካታሎግና ቅጂ በአብዛኛው የሚገኘው ከባሌ ርቀው ባሉ ሰርቨሮች ላይ ነው። ስለዚህ ባሌ ላለ ተመራማሪ ወደ ሩቅ ሰርቨር የሚዘረጋው መስመር የገዛ አገሩን ዕውቀት ማግኛ መንገድ ነው። ይህን መስመር «ያለቀለት ጉዳይ» ማለት የሚችለው መስመሩ የማይቋረጥበት ሰው ነው።

ቤተ መጻሕፍት እርስ በርስ በኮምፒዩተር እንዲጠያየቁ ታስቦ ፕሮቶኮል ከተሠራ ቆይቷል። ስሙ ዜድ 39.50 ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ወጣ፣ እስካሁን የሚሠራበት ሦስተኛው እትም በ1995 ተከተለ፣ በ1998 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። የተመደበለት ፖርት 210 ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት ካታሎጉን በዚህ በር ለዓለም ሁሉ ከፍቶ ኖሯል። ኮፐንሃገን ላይ የተመሠረተው ኢንዴክስ ዳታ የተባለ ድርጅት ደግሞ ያዝ የሚባለውን የፕሮግራም ስብስብ በሲ ቋንቋ ጽፎ በነፃ ለቀቀው። ዛሬ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ከውጭ ካታሎግ የመጽሐፍ መዝገብ ሲያመጣ ከሥሩ የሚሠራለት ይኸው የሲ ኮድ ነው። ጊዜው አልፎበታል የምንለው ነገር በየቀኑ ጠረጴዛችን ላይ እየሠራ ነው፤ ከፍቶ የሚያየው ግን ጥቂት ነው።

ከፍቶ ያየ ሰው ምን ያገኛል? በያዝ ውስጥ ዙም የሚባለው ክፍል ለክላየንት፣ ማለትም ሰርቨርን ለሚጠይቅ ፕሮግራም፣ ጸሐፊ የተዘጋጀ ነው። አካሄዱ አጭር ነው፦ ግንኙነት ትፈጥራለህ፣ አድራሻና ፖርት ሰጥተህ ታገናኛለህ፣ ጥያቄውን ትልካለህ፣ የውጤት ስብስብ ይመለስልሃል፣ ስንት እንደሆነ ትጠይቀዋለህ። አሁን ልብ በሉ። ግንኙነቱ ጨርሶ ባይሳካም የውጤት ስብስቡ ይመለሳል። ስንት ነህ ሲባልም ዜሮ ይላል። ዜሮውን ብቻ አንብቦ «አልተገኘም» የሚል ፕሮግራም እዚህ ጋ ነው የሚዋሸው። እውነቱን ለማግኘት አንድ ተጨማሪ ጥሪ ያስፈልጋል፤ የግንኙነቱን የስሕተት ቁጥር መጠየቅ። ቁጥሩ 0 ከሆነ ዜሮው እውነተኛ ነው፤ ሰርቨሩ ፈልጎ አጥቷል። 10000 ከሆነ ሰርቨሩ ጋ አልተደረሰም። 10004 ከሆነ ተገናኝቶ መስመሩ ተቋርጧል። 10007 ከሆነ የመጠበቂያው ጊዜ አልፏል። 109 ከሆነ ሰርቨሩ መልሷል፣ ነገር ግን የመረጃ ቋቱ ለጊዜው አይሠራም። 114 ከሆነ ደግሞ በዚያ መስክ መፈለግ አልችልም ማለቱ ነው፤ በደራሲ ጠይቀኸው ከሆነ በርዕስ ሞክር።

እነዚህን ስድስት መልሶች አንድ «አልተገኘም» ውስጥ መጠቅለል ምን ማለት እንደሆነ ሪራ ላይ ሆኖ ማሰብ ነው። 10004ን ያየ ተማሪ ሲግናል ወዳለበት ሄዶ እንደገና ይሞክራል። 109ን ያየ ነገ ይመለሳል። 114ን ያየ ጥያቄውን ይለውጣል። «አልተገኘም»ን ያየ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሲከፋም «ጥናት የለም» ብሎ ይጽፋል። የእነዚህ ሁሉ ልዩነት ጥቂት የኮድ መስመር ነው። ያ ኮድ የሚቀረው ከባድ ስለሆነ አይደለም። ግንኙነት ሊከሽፍ የሚችል ነገር መሆኑን ለተማሪው የነገረው ስለሌለ ነው።

ሲ የሚያስተምረው ሌላም አለ። ሊነክስ ላይ ምንም ሳይነካኩ ሶኬትን አገናኝ ቢሉትና ማዶው ባይመልስ ተስፋ እስኪቆርጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ የደረቀ ስክሪን ፊት የሚቀመጥ ተጠቃሚ የለም፤ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። የመጠበቂያ ጊዜ መወሰን የጸሐፊው ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ ከሶኬት 4000 ባይት አንብብ ሲሉት 4000 ላይሰጥ ይችላል፤ የደረሰለትን 600 ሰጥቶ ይመለሳል። በላብራቶሪ፣ ሰርቨሩም ክላየንቱም አንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ስሕተቱ አይታይም። ፕሮግራሙ ይገመገማል፣ ያልፋል። ተራራ ላይ በተቆራረጠ መስመር ሲሞከር የመዝገቡ ግማሽ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ርቀት አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በግምት 11500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። 50 መዝገብ አንድ በአንድ የሚያመጣ ክላየንት በጉዞ ብቻ ከ5 ሰከንድ በላይ ያባክናል፤ መስመሩ ደካማ ሲሆን ደግሞ ብዙ እጥፍ። ፕሮቶኮሉ 50ውን በአንድ ጥያቄ ማምጣት ይፈቅዳል። ይህን የሚያውቀው ፕሮቶኮሉን ያነበበ ነው።

የተቃዋሚዎቼን ክርክር አውቀዋለሁ፣ ከፊሉም ልክ ነው። ሲ የማኅደረ ትውስታ ስሕተትን አይምርም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለምን ያስደነገጠው ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕን ኤስኤስኤል ቀዳዳ የመጣው በሲ ኮድ ውስጥ ርዝመትን ካለማጣራት ነው። ዜድ 39.50ም ለተቆራረጠ መስመር በሁሉ ነገሩ የተመቸ አይደለም። የፍለጋው ውጤት ሰርቨሩ ዘንድ ነው የሚቀመጠው፤ መስመሩ ሲበጠስ አብሮ ይጠፋል። ተተኪው ኤስአርዩ ጥያቄውን በተለመደው የድር አድራሻ ስለሚልክ ተቋርጦ እንደገና ለመሞከር ይሻላል፤ ያዝም ይችለዋል። ለአዲስ ሥራ ኤስአርዩ ይመረጥ ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን ይህን ምርጫ ለማድረግ ሁለቱ ፕሮቶኮሎች መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሬምወርክ ብቻ የለመደ ተማሪ ምርጫ መኖሩንም አያውቅም። ለሲ የምሟገተው ሁሉም ሰው በሲ ይጻፍ ብዬ አይደለም። ከሥር ያለውን አንድ ጊዜ በእጁ የጻፈ ሰው በኋላ በፓይተንም በጃቫም ሲጽፍ የት ጋ መጠራጠር እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው።

በተለይ የእኛ ፊደል ጉዳይ ያሳስበኛል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። ለርዕስ 64 ባይት ቦታ የያዘ የሲ ፕሮግራም ለብዙ የእንግሊዝኛ ርዕስ ይበቃዋል፤ ለአማርኛ ግን 21 ፊደል ላይ ያልቃል፣ ሲቆረጥም ፊደሉን መሀል ላይ ሊሰነጥቀው ይችላል። የቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚጻፍበት ማርክ የተባለው ቅርጽ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምበት የኖረው የፊደል አመዳደብ ዐረብኛን፣ ዕብራይስጥንና ቻይንኛን ሲያካትት ግዕዝን አላካተተም። በዚህ ምክንያት የአማርኛ መጻሕፍት በውጭ ካታሎጎች ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ተገልብጠው ይገኛሉ፤ በአማርኛ ፊደል የሚጠይቅ ክላየንት ዜሮ ሊመለስለት ይችላል። በቁቤም ቢሆን መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። ባሌ በቁቤ ሲጻፍ አናባቢዎቹ ይደረባሉ፣ በእንግሊዝኛው ካርታ ላይ ግን ነጠላ ናቸው፤ በአንዱ የፈለገ ሌላውን ያጣል። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ የሚፈጥሩትንም እንጨምርበት። እነዚህን አጻጻፎች አሰባስቦ በየመልኩ የሚጠይቅ ክላየንት ካስፈለገ ሊጽፈው የሚችለው እዚህ ያለ፣ ሦስቱንም አጻጻፍ የሚያነብ ልጅ ነው። ከውጭ የሚወርደው ፍሬምወርክ ይህን አያውቅም።

እስካሁን ስለ ጠያቂነታችን ነው የተናገርኩት። ተጠያቂነታችን ይብሳል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ካታሎግ ሲከፍቱ ለሰው ዓይን የሚሆን ድረ ገጽ ይከፍታሉ፤ ፕሮግራም የሚጠይቅበትን በር መክፈት ግን እንደ ሥራ አይቆጠርም። ኮሃ የሚጠቀም ቤተ መጻሕፍት ሰርቨሩን ለዜድ 39.50ና ለኤስአርዩ ማዘጋጀት ይችላል፤ ፕሮግራሙ አብሮት ነው የሚመጣው። በሩ ባለመከፈቱ አንዱ ካታሎገር የጻፈውን መዝገብ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ያለው ካታሎገር እንደገና ከርዕስ እስከ ገጽ ብዛት ይተይበዋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን ኅትመቶች እየሰበሰበ ይመዘግባል። እኛ ኢትዮጵያ ውስጥ የታተመን መጽሐፍ መዝገብ ከዋሽንግተን ልናመጣ እንችላለን፤ ከጎባ ወይም ከጅማ ለማምጣት ግን የሚጠየቅ ሰርቨር ያስፈልጋል።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ውጭ ያለ ሰርቨር ሁሉ ለእኛ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለ፣ በውስጥ ኔትወርክ የሚደረስበት የፍለጋ ሰርቨር በእንዲህ ያለ ጊዜም ይመልሳል። ክላየንቱ ቅርብ ያለውን አስቀድሞ፣ ሩቁን አስከትሎ እንዲጠይቅ ከተጻፈ፣ ከየትኛው መልስ እንዳገኘና ከየትኛው እንዳላገኘ ለይቶ ከተናገረ፣ ተማሪው የት እንደቆመ ያውቃል።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ኔትወርክ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምር መምህር አንድ ሴሚስተር ላይ የሲ ክላየንት ያስጽፍ፤ ሲገመግም ፍለጋው መሀል ላይ የኔትወርክ ገመዱን ይንቀል፤ «አልተገኘም» ያለውን ፕሮግራም ይጣል፣ «መስመሩ ተቋርጧል፤ 12 መዝገብ ደርሷል፣ 38 ቀርቷል» ያለውን ያሳልፍ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊም የሚቀጥለውን ሲስተም ሲረከብ ገጹን ከማየቱ በፊት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በፕሮግራም መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ይሞክር። ካልመለሰ አይረከብ።