ደንገሉ የኛ፣ እጁስ የማን?

እኛ እዚህ ጃንጥላ ይዘን የሐምሌን ጭቃ ስንረግጥ፣ አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ፀሐይ ወጥታላቸው ልጆቻቸውን እየያዙ ሙዚየም ይዞራሉ። ይዙሩ! ደግ አደረጉ። ፎቶውም በቴሌግራም ይደርሰናል። ከኦስሎ ከሚላኩት ፎቶዎች መሀል ደጋግማ ብቅ የምትል አንዲት ጀልባ አለች። ከደንገል የታሰረች፣ ባለ ሸራ፣ ስሟ ራ ሁለት። እናት በግራ፣ አባት በቀኝ፣ ልጆች መሀል። ከሥሩ የሚጻፈውም ያው ነው፤ ከኛ ደንገል የተሠራች፣ ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ሦስት ባንዲራ።

እንግዲህ እኛ የምንጣላው ከጀልባዋ ጋር አይደለም። ከባንዲራዎቹ ጋር ነው።

መጀመሪያ እውነቱን እናስቀምጥ። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ተጓዥ የጥንት ግብፃውያን በመቃብር ግድግዳ ላይ የሳሏቸውን የደንገል ጀልባዎች አየና ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችላሉ ብሎ ተነሳ። ለመሞከርም አምሳያቸውን አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደንገሉ ከጣና ሐይቅ ታጭዶ፣ ግብፅ ድረስ ተጓጉዞ፣ ጊዛ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ራ የተባለች ጀልባ ሆነ። ራ ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነስታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ የኋላ ጫፏ ሰጠመ፤ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተሳፋሪዎቿ ጥለዋት ወጡ። ሰውየው ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1970 ራ ሁለትን አሠራ፤ ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነበር። ይቺ 12 ሜትር የምትሆን ጀልባ አትላንቲክን በ57 ቀን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ ውስጥ ቢግዶይ በሚባለው ሰፈር፣ በኮን-ቲኪ ሙዚየም ተቀምጣለች።

ታዲያ ማን ሠራት? የመጀመሪያዋን ያሰሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛዋን ያሰሩት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያዋ ሰባት፣ በሁለተኛዋ ስምንት ሰው ተሳፍሯል፤ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ነበሩ፣ የሰቀሉትም የተባበሩት መንግሥታትን ባንዲራ ነው። ከመሀላቸው አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። ከኛ የሄደው ሣሩ ብቻ ነው። እጁ እዚሁ ቀረ።

የቀረው እጅ የማን እንደሆነ ባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃል። በጣና ዳር ታንኳ በመሥራት ከማንም በላይ ስማቸው የሚነሳው ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገል ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ያስራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ። አገሩ ግን በዚህ ሙያቸው አላከበራቸውም። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ርኩስ ተባሉ። ክርስቲያኑ ናቃቸው፤ እነሱም እስላም ነን ቢሉ እስላሙ ገሸሽ አደረጋቸው። ከአማርኛ በፊት የነበራቸው ቋንቋ በቅጡ እንኳ ሳይመዘገብ ጠፋ። ከተማው ሲያድግ ደግሞ የሐይቁ ዳር ለሌላ ተፈለገና እነሱ ወደ ኋላ ተገፉ። ከነሱ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ፣ ልጅ መዳር እስከ ዛሬ ለስንቱ የማይታሰብ ነው!

አያችሁ ነገሩን? ደንገሉ ኦስሎ መስታወት ቤት ሲገባ ቅርስ ነው። ባሕር ዳር ላይ በሰው ትከሻ ሲታይ ግን አፍንጫ ያስይዛል። ይሄ ኩራት ሳይሆን ብልጠት ነው፤ የሰውን ሙያ ወስዶ ሰውየውን መተው።

ደግሞ ይሄ የጣና ብቻ በሽታ አይደለም። ማረሻ የሚቀጠቅጥልንን ቡዳ ብለን፣ ቆዳ የሚያለፋልንን ፋቂ ብለን፣ ሸክላ የምትሠራልንን በጎሪጥ አይተን የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት አለፈው፤ ስድቡ ግን አሁንም ጤነኛ ነው።

«እናንተ ልጆች ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብዱታላችሁ! ቤተሰብ እሁድ ዕለት ልጁን ሊያዝናና ሄዶ ይሄን ሁሉ ይስማ?» የሚለን አይጠፋም። እኛ ደግሞ እንላለን፤ ልጅ ለመዝናናት የአባቱ ባንዲራ አያስፈልገውም። እዚያው ሙዚየም ምድር ቤት አሥር ሜትር የሚሆን የሻርክ ምስል አለለት፤ እሱ ይበቃዋል። ጀልባዋ ጋ ሲደርስ ግን ልጅ የሚጠይቀው ትልቁ ሰው የሚሸሸውን ነው። ማን ሠራው? ለምን አልሰጠመም? ለዚህ ጥያቄ «ከኛ አገር ሣር ነው» ብሎ መመለስ፣ ዳቦውን ማን ጋገረው ለሚል «ስንዴው የኛ ነው» እንደማለት ነው።

ለምን አልሰጠመም የሚለው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያዋ ራ የተበላሸችው በአንዲት ገመድ ምክንያት ነው። በጥንቱ ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ጀልባዋ ወለል የምትወርድ ገመድ ነበረች። ለጌጥ ተብላ ተተወች። ኋላ ነው ጥቅሟ የገባቸው፤ ለካ ጫፉን ወጥራ ከማዕበሉ በላይ የምትይዘው እሷ ናት! የጥንቱ ሠሪ ሞቷል፤ ሥዕሉ አይናገርም፤ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ጣና ላይ ግን የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ለጊዜው። ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግ እየታረሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ሐይቁን ወሯል። የታንኳ ሠሪው ልጅም አባቱ በሙያው ሲሰደብ እያየ አድጎ ሙያውን ይውረስ ብንለው በምን አፋችን? ነገ እኛም ፎቶ ብቻ ይዘን ይቺ ገመድ ምን ትሠራ ነበር እንላለን። ያኔ መልስ የሚሰጥ አይኖርም።

ስለዚህ ኦስሎ ላላችሁ ወላጆች፦ ሂዱ፣ ልጆቹንም ውሰዱ፣ ፎቶም ተነሱ። ግን ጀልባዋ ሥር ቆማችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። «እንዲህ ያለ ጀልባ መሥራት የሚያውቁ ሰዎች አገራችን አሉ፤ ነገደ ወይጦ ይባላሉ። በሙያቸው ተንቀዋል፤ ይሄም ነውራችን ነው» በሉ። ልጅ ይሄን መስማት አያቅተውም፤ የሚያቅተው ለኛ መናገሩ ነው። ለዕረፍት ስትመጡ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ከሆቴሉ በረንዳ ሆናችሁ ታንኳውን ከማንሳት ውረዱና ከሠሪው ጋር ተቀመጡ፣ ስሙን ጠይቁ፣ ቡና አብራችሁ ጠጡ።

እዚህ ያለነውም አንለፈው። «ወይጦ» የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚወረውር ጓደኛ ሲያጋጥመን አብረን አንሳቅ። ደንገሉ የኛ ነው የሚል ሰው፣ የሚያስረው እጅም የኛ ነው ይበል። አለዚያ ባንዲራውን ያውርድ።

ቸር እንሰንብት።