አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ

የዱር እንስሳ በግለሰብ እጅ መያዝ የለበትም፣ በሕግ ጨርሶ ይከልከል የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። ሐሳቡን የሚደግፉ በእኛ በእጩ መምህራን መካከልም አሉ። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ያልተስማማሁበትን ምክንያት ከዚህ በታች እገልጻለሁ፤ አንባብያን ደግሞ ፍረዱ።

በመጀመሪያ፣ ይከልከል የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አልተነሱም። በ1998 ዓ.ም. በጎዴ ከተማ ሁለት የአቦሸማኔ ግልገሎች በአንድ ምግብ ቤት በገመድ ታስረው ተገኝተው ወደ አዲስ አበባ መወሰዳቸው ይታወሳል። በውጭ አገርም፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በ2004 ዓ.ም. አንድ ሰው ያረባቸውን አንበሶች፣ ታይገሮችና ድቦች በር ከፍቶ ለቀቃቸውና ራሱን ገደለ። ፖሊስ በሰው ላይ አደጋ እንዳይደርስ ብሎ ወደ 50 የሚጠጉ እንስሳት በጥይት ገደለ። ከዚህ በኋላ ነው የኦሃዮ ምክር ቤት ጥብቅ ሕግ ያወጣው። እንዲህ ያለውን ነገር እሰየው የሚል ሰው የለም። አንበሳ የጓሮ እንስሳ አይደለም።

ታዲያ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ስለ አንበሳና ስለ አቦሸማኔ ተብሎ የሚወጣ ጠቅላላ ክልከላ በመጨረሻ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በአገራችን የዱር እንስሳ ይዞ የሚተዳደር ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ባለ አንበሳ ሳይሆን ጥሪኝ አርቢው ገበሬ ነው።

ጥሪኝ ማርባት በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው። ገበሬው ወንዱን ጥሪኝ ከጫካ ይይዛል፤ ሥጋ፣ ገንፎ፣ ወተትና እንቁላል እያበላ ያኖረዋል። ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባዱን ቀን እየቆጠረ በማንኪያ ይፍቃል። ዝባዱ በከብት ቀንድ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ባሕር ተሻግሮ ለሽቶ መሥሪያ ይውላል። ነገሩ የትናንት አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእናርያ ዝባድ በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። የእኛ አገር ነጋዴ የኖረበት መንገድ ነው ማለት ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች በዚህ ሙያ ላይ ዘመቻ ከፈቱ። ያቀረቡት ነቀፋ እውነትነት አለው። ሳጥኑ ጠባብ ነው፣ እንስሳው መዞር እንኳን አይችልም፣ ጎጆው በጭስ የታፈነ ነው፣ አፋፋቁም ያቆስለዋል። ይሁን እንጂ ሳጥኑ ጠበበ ማለት ይስፋ ማለት እንጂ ገበሬው ሙያውን ይተው ማለት ነው እንዴ? በሬውን ከአቅሙ በላይ የሚጠምድ ሰው ቢኖር በሬ ማርባት ይከልከል አንልም። አጠማመዱን አስተካክል እንለዋለን።

ሁለተኛው ነገር ቅጣቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ የሚገኝ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንደሚቀጣ ደነገገ። ቅጣት ያስፈልጋል። ነገር ግን ፈቃድ የሚባለው በር አብሮ ስለተተወ ገበሬው ተመዝግቦ በሕግ ጥላ ሥር ሊገባ ይችላል። በሩ ጨርሶ ይዘጋ ከተባለ ግን ዝባዱ በማታ ይሸጣል፤ ጥሪኙም የባሰ ጨለማ ውስጥ ይደበቃል፤ የእንስሳት ሐኪምም አያየውም። በእብድ ውሻ በሽታ ቢያዝ እንኳ ማን ይናገራል? በሕግ ያዳንነው እንስሳ በስውር ያልቃል።

ሦስተኛ፣ የዱር እንስሳን የሚጨርሰው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ከጋይንትና ከእስቴ ራስጌ የቆመውን ጉናን ተመልከቱ። እርሻው ዳገቱን እየወጣ፣ ግጦሹ እየተጋጠ፣ አውሬው መግቢያ አጣ። ቀይ ቀበሮን በየተራራው ያመናመነው የመኖሪያው በእርሻ መያዝና ከውሻ የሚተላለፈው በሽታ ነው። ማንም በቤቱ ስላሰረው አይደለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው።

እንዲያውም በሰው እጅ መኖር ዘር ያተረፈበት ጊዜ አለ። አጼ ቴዎድሮስ አንበሶቻቸውን በአጠገባቸው አድርገው እንግዳ ሲቀበሉ የሚያሳየው ሥዕል የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ የስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ2005 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የዚሁ ግቢ 15 አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው እንደተገኙ አስታውቋል። ዋናው ነገር ማን ያዘው የሚለው ሳይሆን እንዴት ተያዘ የሚለው መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

መቼም የዱር እንስሳት የሕዝብ ሀብት ናቸው ይባላል። ነገር ግን ሰብሉን ጦጣ የሚጨርስበት፣ ፍየሉን ነብር የሚነጥቅበት ገበሬ ከዚህ ሀብት ምንም ካላገኘ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆንበታል። ንብን ተመልከቱ። ንብ የዱር ፍጥረት ናት፤ ገበሬው ቀፎ ሰቅሎላት ማሯን ስለሚቆርጥ አበባ ያለውን ዛፍ ለመቁረጥ እጁ ይከብደዋል። የሚጠቅመውን የማይጠብቅ ሰው የለም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሕጉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

1ኛ/ ሰውን የሚያጠቃ ትልቅ አውሬና እንደ ጥሪኝ ያለው ለየብቻ ይታይ፤
2ኛ/ አርቢው በወረዳው ይመዝገብ፣ ፈቃድ ያውጣ፤
3ኛ/ የሳጥኑ ስፋት፣ የምግቡ ዓይነትና የአፋፋቁ ሁኔታ በደንብ ይወሰን፤ የእንስሳት ሐኪም በየጊዜው ይጎብኝ፤
4ኛ/ ይህን እንዲያሟላ ጊዜና ትምህርት ከተሰጠው በኋላ እምቢ ያለ ይቀጣ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገ ተመርቀን ከስማዳ ቆላ እስከ ጉና ደጋ እንመደባለን። አንዱ ተማሪ የቆቅ ጫጩት በጋቢው ሸፍኖ፣ ሌላው እናቷ የሞተችባትን ሚዳቋ አሳድጎ ይመጣል። ያን ጊዜ «ወንጀለኛ ነህ» ብለን ብናስደነግጠው ሁለተኛ አያሳየንም፤ ደብቆ ይገድላታል። ምን እንደምትበላ፣ የት እንደምትኖር፣ ለምን ወደ ዱሯ መመለስ እንዳለባት ብናስተምረው ግን ለዕድሜ ልኩ ጠባቂ አደረግነው ማለት ነው።

ሐሳቤን የሚቃወም ካለ ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጥፍ። መምህሮቻችንም ቢያርሙን ደስ ይለናል።

እጩ መምህር፣ ከስማዳ