የደን ሀብታችን በትክክል ይቆጠር!

ደን የሰፊው ሕዝብ የጋራ ሀብት እንደመሆኑ መጠን፣ መጠኑን በትክክል ማወቅ ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ከሰልና ማገዶ የሚገዛው የከተማ ነዋሪ፣ በጣውላ ሥራ የተሰማራው ሠራተኛ፣ ከተራቆተ ተራራ ሥር የሚያርሰው ገበሬ ሁሉ ይመለከታቸዋል። ያልተቆጠረ ሀብት ሲጠፋም አይታወቅምና።

ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የኢትዮጵያ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር የሚለው አባባል ለብዙ አሥርተ ዓመታት በንግግርም በጽሑፍም ሲደጋገም ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪዎች የቁጥሩን ምንጭ ሲመረምሩ ግን ከበስተጀርባው በመስክ የተካሄደ ልኬት አላገኙም። መፈክሩ ከልኬቱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ኋላ የወጡት አኃዞችም አንባቢን ግራ ማጋባታቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው ግምገማ የኢትዮጵያ ደን ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት 11 በመቶ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አገሪቱ በአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት መሠረት ያቀረበችው ሰነድ ደግሞ ይህንኑ 15.5 በመቶ አደረሰው። ታዲያ ደኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህን ያህል አደገ? በፍጹም! የተለወጠው የደን ትርጉም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የሚጠየቀው የዛፍ ቁመት ከ5 ሜትር ወደ 2 ሜትር ዝቅ ሲል፣ የጥላ ሽፋኑ ደግሞ ከ10 ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሎ፣ ጥቅጥቅ ያለው የቆላ ጫካ ከደን ተቆጠረ። ለውጡ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ አጫጭሮቹ የቆላ ዛፎች ከቆጠራ ውጭ ሆነው መቅረት አልነበረባቸውም። ነገር ግን ያው ሰነድ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 ድረስ በየዓመቱ በአማካይ 92,000 ሄክታር ደን ሲወድም የተተካው 19,000 ሄክታር ብቻ እንደነበር ይናገራል። በመቶኛው በወረቀት ላይ ሲያድግ ደኑ በምድር ላይ ይመነጠር ነበር።

እንግዲህ ቆጠራው እንዴት ይካሄዳል? ባለሙያዎች በየአካባቢው በተመረጡ ናሙና ቦታዎች ገብተው የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካሉ፤ ቁመቱንና ዓይነቱን ይመዘግባሉ። አድካሚና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የስሕተቱን መጠን በግማሽ ለመቀነስ የናሙናው ቁጥር አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ይህን የሚችል በጀት በቀላሉ አይገኝም።

ሪሞት ሴንሲንግ የሚባለው ከርቀት የመቃኘት ዘዴ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ለቀይ ቅርብ የሆነ ጨረር ግን አጉልቶ ይመልሳል። ሳተላይት ይህን ልዩነት መዝግቦ ደኑን ከእርሻው ይለያል። የመጀመሪያው ላንድሳት እ.ኤ.አ. በ1972 መጥቋል፤ ከ2008 ወዲህ የምስሉ ክምችት ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ምስሉ አገሪቱን በጥቅጥቅ ደን፣ በሳሳ ጫካና በእርሻ ከፋፍሎ ሲያሳይና የመስኩ ናሙና በዚያው መሠረት ሲደለደል፣ ያው የናሙና ቁጥር ይበልጥ አስተማማኝ ግምት ይሰጣል። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1921 በጀመረችው ብሔራዊ የደን ቆጠራ ላይ ከ1990 ገደማ ጀምሮ የሳተላይት ምስል ጨምራ፣ ለየአነስተኛው አስተዳደር ሳይቀር የሚሆን አኃዝ ለማውጣት በቅታለች።

ይሁን እንጂ ካርታው ላይ አረንጓዴውን ቆጥሮ ብቻ ስፋቱ ይህ ነው ብሎ ማወጅ ከባድ ስሕተት ነው። ካርታው ራሱ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም በናሙና ተፈትሾ መታረም አለበት። ደመና በክረምት የደቡብ ምዕራቡን ደን ይሸፍናል፤ ለዚህ ራዳር መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በከፋና በጅማ ግን ሌላ ችግር አለ። ለቡና ሲባል ሥሩ የተመነጠረ ደን ከላይ ሲታይ ምሉዕ ይመስላል፤ ትላልቆቹን ዛፎች የሚተካ ችግኝ አለመኖሩን የሚያየው በእግሩ የገባ ሰው ብቻ ነው። የላንድሳት አንዷ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ስለሆነች፣ ለከሰል አንድ አንድ እየተባለ የሚቆረጠው ዛፍም ብዙ ጊዜ ያመልጣታል። ቢሮ ተቀምጦ ባማረ የቀለም ካርታ የሚረካ ኃላፊ ይህን አያውቅም፤ ለማወቅም አይቸኩልም።

ጉዳዩ የክብር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከዓለም ባንክ ጋር በተፈረመው ውል በኦሮሚያ ለሚቀነሰው የካርቦን ልቀት እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተስማምተዋል። ክፍያው በልኬት ላይ የቆመ እንደመሆኑ መጠን፣ የልኬቱ ጉድለት ደኑን ከሚጠብቀው ገበሬ ላይ የሚነጠቅ ገንዘብ ይሆናል።

ስለዚህ የሳተላይት ምስል የመስክ ሠራተኛውን በጀት ለመቁረጥ ሰበብ ሊሆን አይገባም። የሚወጣው እያንዳንዱ የደን አኃዝ የስሕተቱን መጠንና የተሠራበትን ትርጉም ይዞ ለሕዝብ ይቅረብ። ትርጉሙ ሲለወጥም የቀድሞዎቹ ዓመታት አኃዞች በአዲሱ መለኪያ እንደገና ተሰልተው ጎን ለጎን ይታተሙ። የየቀበሌው ነዋሪም በአካባቢው ደን አለ ተብሎ የተመዘገበውን ካርታ አይቶ፣ ደኑ በቦታው መኖሩንና አለመኖሩን የሚናገርበት መንገድ ይከፈትለት።