እረኛዋ ምን አለች?

«ዘፋኝ ዝም ብሎ ይዝፈን፤ ፖለቲካ ምን አገባው?» የሚል ሰው ስሰማ አሁንም ደሜ ይፈላል። ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ለእኔ ግን አልበረደም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ዳላስ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። የመኪናዬ ሬዲዮ ከካንትሪ ሙዚቃ ጣቢያ አይነቃነቅም፤ እንግሊዝኛዬን ያቃናሁት በዚያ ዘፈን ነው። ከሁሉም የምወደው ዲክሲ ቺክስ የተባለውን የሴቶች ቡድን «ትራቭሊን ሶልጀር» ነበር። ቬትናም የሚዘምት ጎረምሳ፣ ደብዳቤውን የምትጠብቅ የምግብ ቤት አስተናጋጅ፣ በመጨረሻም ኳስ ሜዳ ላይ ከሟቾች ጋር የሚነበብ ስም። ወንድሜ ባድመ ላይ የቀረብኝ ሰው ነኝና ያ ዘፈን ሲመጣ ዓይኔን ሳልጠርግ መንዳት አልችልም ነበር።

ዘፈኑ በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ደርሶ ነበር። ማርች 10 ቀን፣ ኢራቅ ልትወረር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ የቡድኑ መሪ ዘፋኝ ናታሊ ሜይንስ ለንደን ሼፐርድስ ቡሽ በሚባል ሰፈር መድረክ ላይ ቆማ ጦርነቱን እንደማይፈልጉትና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የእነሱው የቴክሳስ ሰው በመሆኑ እንደሚያፍሩ ተናገረች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ሼፐርድ ማለት እረኛ ነው። በእኛ አገር ነገሥታቱ ሳይቀሩ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ካንትሪም የከብት ጠባቂው፣ የገበሬው፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ ድምፅ ነኝ ብሎ ነው የሚኮራው። እረኛዋ አፏን ስትከፍት ምን አደረጓት?

ዘፈኗ ከሬዲዮ ጠፋ። ሉዊዚያና ውስጥ ቦዠር ሲቲ ላይ ሰዎች ተሰብስበው የቡድኑን ሲዲ መሬት ላይ ዘረገፉና በትራክተር ደፈጠጡት። ኩሙለስ ሚዲያ የተባለው ኩባንያ የካንትሪ ጣቢያዎቹ ለ30 ቀን እንዳያጫውቷቸው አደረገ። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ ሁለት አቅራቢዎች ዘፈናቸውን በማሰማታቸው ከሥራ ታገዱ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የተቀየመ አድማጭ ሬዲዮውን ቢዘጋ መብቱ ነው፤ ሲዲውን ቢሰባብርም የገዛው በገንዘቡ ነው። ኩባንያው ግን ያልተቀየምነውንም ጆሮ ዘጋብን። ማን ወከለው? ሴኔት ውስጥ የኩባንያውን አለቃ ያፋጠጠው እኮ ጆን ማኬይን ነበር፤ ሪፐብሊካን፣ ጦርነቱን የደገፈ፣ ራሱ ቬትናም ውስጥ ተማርኮ የታሰረ ወታደር።

«ፖለቲካ አትቀላቅሉብን ነው ያልነው» ይላሉ። ውሸት ነው! በዚያው ሰሞን የካንትሪ ዘፋኙ የዳሪል ዎርሊ ለጦርነቱ የሚቀሰቅስ ዘፈን አንደኛ ወጥቶ ሰባት ሳምንት ተቀመጠበት። የቶቢ ኪዝ የበቀል ዘፈን መኪናዬ ውስጥ ስንቴ እንደጮኸ እኔ አውቃለሁ። ያ ፖለቲካ ካልሆነ ምንድን ነው? የተቀጣው እምቢ ማለት ነው። እምቢ ያለችው ሴት በመሆኗ ደግሞ ስድቡ ለወንድ የማይወረወር ዓይነት ሆነ። በቬትናም ዘመን ጦርነት ተቃዋሚዎችን በዘፈኑ የወረፈው መርል ሃጋርድ እንኳ ይህን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም፤ ወጥቶ ተሟገተላቸው።

እኔ ግን ዝም ብያለሁ። አንድ ማታ ከአውሮፕላን ማረፊያ የጫንኩት ሰውዬ ድምፃቸውን ገና ሲሰማ ከኋላ ወንበሬን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ «አጥፋው፤ አለዚያ አውርደኝ» አለኝ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበር። አጠፋሁት። ቤቱ እስኪደርስ መሪውን ጨብጬ ቃል ሳይወጣኝ ነዳሁ፤ ሲወርድም «አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ» አልኩት። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ለጦርነቱ ምክንያት የተደረገው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አልተገኘም። ዲክሲ ቺክሶችም በ2007 አምስት የግራሚ ሽልማት ወሰዱ። ግን ግራሚው አይደለም የሚታየኝ። ናታሊ ጁላይ 6 ቀን 2003 ዳላስ ውስጥ መድረክ ላይ በጥይት እንደምትገደል ተዝቶባት ነበር። በፖሊስ ታጅባ መጣች፣ ወጣች፣ ዘፈነች። «ዝም ብላችሁ ዝፈኑ» የምትሉ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ያቺን ማታ አስቧት።