ጅብ ከሄደ በኋላ

በዓለም አንድ ቦታ ጦርነት በተነሳ ቁጥር በግቢያችን የሚሰማው ክርክር ያው ነው። አንዱ «ኔቶ ገብቶ ያስቁመው እንጂ!» ይላል። ሌላው «ኔቶ የገባበት አገር መች ሰላም አገኘና!» ብሎ ይመልሳል። ነገ ተማሪ ፊት የምንቆም ሰዎች ግን በጩኸት መርታት አይበቃንም፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ኔቶ እ.ኤ.አ. በ1949 በ12 አገሮች ሲመሠረት ዓላማው በአንዱ አባል ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ቆጥሮ መከላከል ነበር። የሌላ ሰፈር እሳት ለማጥፋት አልተቋቋመም። የመጀመሪያ ውጊያውን ያደረገውም ከ45 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1994፣ ያውም ከአባሎቹ ክልል ውጭ በቦስኒያ ሰማይ ላይ ነው።

እስቲ ቦስኒያን እንውሰድ። ጦርነቱ በ1992 ተነሳ። በ1993 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የስሬብሬኒትሳን ከተማ ከጥቃት የተጠበቀች ናት ብሎ ወሰነ። ጠባቂ ተብለው የተመደቡት ግን ቀላል መሣሪያ የያዙ ጥቂት መቶ የኔዘርላንድ ወታደሮች ነበሩ። በሐምሌ 1995 የጄኔራል ራትኮ ምላዲች ጦር ከተማዋን ሲይዝ የኔቶ አውሮፕላኖች ጥቂት ቦምብ ጥለው ተመለሱ። በቀጣዮቹ ቀናት ከ8,000 በላይ ወንዶችና ታዳጊ ልጆች ተረሸኑ። ኔቶ የምር መደብደብ የጀመረው በነሐሴ ማለቂያ ነው። ድብደባው ከክሮአቶችና ከቦስኒያ መንግሥት ጦር የምድር ግፊት ጋር ተደምሮ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ዴይተን ላይ ስምምነት ተደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው አይደለም? ኃይሉ ቀድሞም ነበረ፤ የጠፋው ቁርጠኝነት ነው።

በ1999 በኮሶቮ ምዕራባውያን ያን ያህል አልዘገዩም። ነገር ግን ሩሲያና ቻይና እንደሚቃወሙ ስላወቁ የጸጥታውን ምክር ቤት ፈቃድ ሳይዙ ዩጎዝላቪያን 78 ቀን ደበደቡ። በእነዚያው ቀናት የሰርብ ኃይሎች ከ800,000 በላይ አልባኒያውያንን ከኮሶቮ አባረሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንዳጣራው ደግሞ 500 ያህል ሲቪሎች በኔቶ ድብደባ ሞቱ። እርግጥ ከጦርነቱ በኋላ ስደተኞቹ በብዛት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ሕግን የዘለለ ኃያል፣ ሌላው ኃያል ሲዘል በምን አፉ ይከሰዋል? ሩሲያ በ2014 ክራይሚያን ስትይዝ የጠቀሰችው ይህንኑ ኮሶቮን ነው።

በ2011 በሊቢያ ፈቃዱ ነበረ። ውሳኔ ቁጥር 1973 ሲቪሎችን ለመጠበቅ ኃይል መጠቀምን ፈቀደ። ዘመቻው ግን ጋዳፊ እስኪወድቁ ቀጠለ፤ እሳቸው በጥቅምት እንደተገደሉም በዚያው ወር ተዘጋ። በ2014 ሊቢያ እንደገና በእርስ በርስ ጦርነት ተዘፈቀች። በቦስኒያ ከስምምነቱ በኋላ 60,000 ያህል ወታደር ሰላም ሊያስከብር ገብቶ ነበር፤ ለሊቢያ ይህን ያሰበ አልነበረም። ጣራ አፍርሶ መሄድማ ማን ያቅተዋል?

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው። ኔቶም ሆነ ሌላ የጦር ቃል ኪዳን በሰው ጦርነት ሲገባ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ማን ፈቀደለት? በጊዜው ደረሰ? ተኩሱ ሲቆም ማን ይቀራል? ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ዋጋውን የሚከፍለው የዚያው አገር ሕዝብ ነው። የቃል ኪዳን ጦር የሚዘምተው ደግሞ አባሎቹ ሲስማሙና ጥቅማቸው ሲነካ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሕዝብ ደኅንነቱን በእሱ ተስፋ ላይ ብቻ ማሳደር የለበትም። በ1936 ጄኔቫ ላይ የመንግሥታት ማኅበር ቃሉን ሲያጥፍ ያየች አገር ልጆች ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገሩም።

ተማሪው «ኔቶ ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ብሎ ሲጠይቀን በአንድ ቃል መልሰን አናስቀምጠው። ሦስቱን ጥያቄዎች ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንጻፍለትና ራሱ ይመዝን።