የንባብ ቤቱና ጓሮው የገበሬው ቅርስ ማኅደር ይሁኑ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለቢሮ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም። ማሳውን፣ ጓሮውንና ዘሩን በቃል ይዞ ከልጅ ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ለኖረው ገበሬም የተነገረ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ለወላይታ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ልናሳስብ የምንወደው ጉዳይም ይኸው ነው። ሕጉ ቀበሌ ቢለውም የገጠሩ ሕዝብ ዛሬም ገበሬ ማኅበር እያለ በሚጠራው አካባቢያችሁ፣ የንባብ ቤትና አጠገቡ ያለው ጓሮ የአካባቢው ቅርስ የሚነገርበት፣ የሚጻፍበትና የሚተከልበት ቦታ ይሆን ዘንድ ቀዳሚው ኃላፊነት የእናንተ ነው።

ቅርስ ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ሩቅ እንመለከታለን። ይሁን እንጂ ከወላይታ ሶዶ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የዳሞታ ተራራ ብቻውን ትልቅ መዝገብ ነው። በተራራው ጎን የሚገኘው የሞቸና ቦራጎ ዋሻ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው እንደኖረበት የመሬት ቁፋሮ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ከተራራው ግርጌ ተወልዶ የሚያድግ ስንቱ ልጅ ይህን ያውቃል? የውጭ አገር ተመራማሪ መጥቶ ጽፎት ሄዷል፤ የእኛው ተማሪ የሚያነብበት ቦታ ግን ገና አልተዘጋጀለትም።

ጊፋታ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ በሚውል እሑድ ሲከበር ወላይታ በሙሉ በደስታ ይቀበለዋል። ሴቶች ቅቤ ሲያጠራቅሙ፣ ወንዶች ለበሬው መግዣ ገንዘብ ሲቆጥቡ ከርመው፣ የተጣላ ታርቆ፣ ዱንጉዛ ተለብሶ አዲሱ ዓመት ይገባል። ይህ መልካም ነው። ቅር የሚያሰኘው በአንዳንድ ቦታ በዓሉ ወደ አደባባይ ትርዒት ብቻ እየተለወጠ መሄዱ ነው። ጭፈራው ታይቶ፣ ንግግሩ ተደርጎ፣ እንግዳው ሲሸኝ ነገሩ ያበቃል። ሽማግሌው በዱቡሻ ተቀምጦ ጠበኞችን እንዴት እንደሚያስታርቅ፣ እናት የትኛውን እንሰት ለየትኛው ምግብ እንደምትመርጥ፣ ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከየት እንደምታመጣ የጠየቀ የለም፤ የጻፈም የለም። በሚቀጥለው ዓመት ከእነዚህ አንዱ በሕይወት ባይኖር ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል።

እስቲ እንሰትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ከ60 በላይ የእንሰት ዝርያዎችን በአካባቢ ስማቸው መዝግቧል። አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው ለቡላ፣ ሌላው ለአምቾው ይመረጣል፤ ቃጫው የሚወደድም፣ ለስብራት መጠገኛ የሚፈለግም አለ። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው ከሁሉ በፊት እንሰቱን የሚፍቁትና የሚያበስሉት ሴቶች ናቸው። ታዲያ መሬቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ፣ ብዙው ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ይዞታ ላይ እየኖረ፣ በአንድ ጓሮ ብዙ ዓይነት ማቆየት አስቸጋሪ ሆኗል። ስሙ የተረሳ ዝርያ ደግሞ ከጓሮ ሲጠፋ «ጠፋ» ብሎ የሚጮህለት የለም።

በዚህ ላይ የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ። በሽታው በሳይንስ ጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ አገራችን ውስጥ ሲሆን፣ እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም። ዝርያዎች ግን በሽታውን የመቋቋም አቅማቸው እኩል አይደለም። ለምሳሌ ማዚያ የሚባለው ከብዙዎቹ ይልቅ እንደሚቋቋም በምርምር ታይቷል፤ ፈጽሞ አይጠቃም ማለት ግን አይደለም። ዛሬ ዋጋ የሌለው የመሰለ ዝርያ ነገ ለመንደሩ ሁሉ መዳኛ ሊሆን ስለሚችል፣ የዝርያን ስምና ጠባይ መዝግቦ መያዝ ቅርስ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ምግብን መጠበቅ ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅና ረሃብ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ይህን ለማስረዳት ከማንም የተሻሉ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጽሑፍ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። በዚያን ጊዜ በየገበሬ ማኅበሩ ንባብ ቤቶች ተከፍተው፣ አዲስ ፊደል የቆጠሩ ገበሬዎች የተማሩትን እንዳይረሱ ይረዱ ነበር። ያኔ ወላይትኛ የተጻፈው በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ቋንቋው በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ፤ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩትም በዚሁ ነው። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ አያትና የልጅ ልጅ፣ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ የሚቸገርበት ቤት ጥቂት አይደለም። የትኛው ፊደል ይበልጣል የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሳም። ድልድዩ ግን የንባብ ቤቱ ነው። ሽማግሌው ይናገር፤ ተማሪው በላቲን ይጻፍ፤ በዘመቻው የተማረው አያት ያንኑ በኢትዮጵያ ፊደል ይጻፈው፤ ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ደብተር ጎን ለጎን ይቀመጡ።

«መጽሐፍ የት አለና የንባብ ቤት?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። አዲስ አበባ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አብርሆት የተባለውን ትልቅ ቤተ መጻሕፍት መርቃለች። የገጠር ቀበሌ ያን አይጠበቅበትም። በጎረቤታችን በሐዋሳ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የልጆች መጻሕፍት በአህያ በሚጎተት ጋሪ ላይ ተጭነው ወደ ልጆች ይሄዱ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። አንድ ክፍል፣ አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ጥቂት ወንበርና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ወጣት ካለ ሥራው ይጀመራል። የመጀመሪያው መጽሐፍም ከሌላ ቦታ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ራሱ መንደሩ የሚጽፈው ደብተር ነው።

«መሬትስ?» የሚለው ከዚህ ይከብዳል። መልሱ ግን በብዙ ቀበሌ አጠገባችሁ አለ። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ባለበት አብዛኛውን ጊዜ የሠርቶ ማሳያ መሬት አለ። ከዚህ ላይ አንድ ጥግ ለእንሰት፣ ለቦይናና ለሌሎች የአካባቢው ሥራሥሮች ቢመደብ፣ በእያንዳንዱ ተክል ሥርም ስሙ በሰሌዳ ቢጻፍ የማንም ቤተሰብ ጓሮ አይነካም። እንዲያውም ጓሮው ይከፍላል። ከአንድ አምቾ ብዙ ችግኝ ስለሚበቅል፣ የበልግ ዝናብ ሊጥል ሲል የጠፋውን ዝርያ ለሚፈልግ ገበሬ ማካፈል ይቻላል።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከየጓሮው እንሰት ሰብስቦ በአንድ ቦታ መትከል በሽታንም ሊሰበስብ ይችላል። ስለዚህ ችግኝ የሚወሰደው የልማት ሠራተኛው ካየው ጤነኛ ጓሮ ብቻ መሆን አለበት። በሽታው ከሁሉ በላይ የሚዛመተው በመቁረጫ መሣሪያ ስለሆነ፣ ቢላዋና ገጀራ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት በእሳት ይለብለቡ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የጠወለገ ተክል ሲታይ ተነቅሎ ይቀበር፤ ከብትም አይግባበት። አረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ የሚሠራ ስለሆነ ምክር መጠየቅ ተገቢ ነው።

የወላይታ ገበሬ ተደራጅቶ የተራቆተን ነገር መልሶ ማልማት እንደሚችል በሁምቦ ታይቷል። በዚያ ወረዳ ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራማ መሬት ከልለው፣ በአብዛኛው ከመሬት ውስጥ ከቀረው ጉቶ ያቆጠቆጠውን ዛፍ በመንከባከብ ደኑን መልሰዋል። ጉቶው ሕይወት ስለነበረው መለሱት። የቃል ዕውቀታችንም እንዲሁ ጉቶው ገና ሕያው ነው፤ ነገር ግን ዘወትር ሕያው ሆኖ አይጠብቀንም።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገሮችን በቃለ ጉባኤ ብታሰፍሩ ሥራው ይጀመራል። አንደኛ፣ ለንባብ ቤት የሚሆን ክፍልና ኃላፊ ይሰየም። ሁለተኛ፣ ለጓሮው የሚሆን ጥግ መሬት ተለይቶ ይሰጥ፤ የዝርያዎቹን ስም የሚናገሩትም ሴቶች ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ከጊፋታ ማግስት ባለው ሳምንት አንድ ቀን ተመርጦ ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ሸማኔዎች፣ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ሁሉ በእኩል ክብር በጓሮው ተቀምጠው የሚያውቁትን ይናገሩ፤ ተማሪዎችም ይጻፉ። በሙያቸው ሲናቁ የኖሩ ወገኖች በዚያ ቀን በመምህርነት መቀመጣቸው ብቻ ትልቅ ትምህርት ነው።

በዓሉ የታየው በተጨፈረው ልክ ሳይሆን፣ በማግስቱ በደብተሩ በተጻፈውና በጓሮው በተተከለው ልክ ይቆጠር። በመጪው ጊፋታ ሊናገሩ የሚችሉት አረጋውያን ዛሬ በየቤታቸው አሉ። ሄዳችሁ ጥሩአቸው።